የፈንታሁን ዐይንና የጻፍሁት ተረት

ይድረስ በዋድላ ለሚያስተምሩት ለአባቴ ለየኔታ ሀብተማርያም። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ቅዳሴ ያስቆምዎታል? የእናቴስ ሳል ተሻላት? የዚያ አገር ብርድ እንዴት አድርጓችሁ ይሆን እያልሁ ስብሰለሰል ከረምሁ። እኔና እኅቴ እቴነሽ በሕይወት አለን፤ ደኅና ነን ግን አልልዎትም።

በነጋዴ የላኩት ቃል ደርሶኛል። «ፊደል ያስቆጠርሁህ ሐሰት እንድትጽፍበት አይደለም፤ ንስሐ ግባ» ብለዋል። ሦስት ቀን ስናደድ ሰነበትሁ። አሁንም አልበረደልኝም፤ የሆነውን ልንገርዎና ይፍረዱ።

የእቴነሽ ባል ፈንታሁን መድፍ በሚፈስስበት ስፍራ ወናፍ ይነፋ ነበር፤ እኔም እዚያው ከሰል እሸከማለሁ። በኅዳር መጨረሻ የቀለጠው ናስ የሚገባበት የጭቃ ቅርጽ ገና እርጥብ ሳለ እንድናፈስስ ታዘዝን። ቅርጹን የሠራው ሽማግሌው ሞላ «ውሃ አለበት፣ ይፈነዳል» ብሎ ለመነ። የሥራው አለቃ ግን «ዛሬ ካልፈሰሰ በዱላ የማደርቀው ያንተን ጀርባ ነው» አለው። ፈሰሰ። ናሱም ተመልሶ ወደ ላይ ተተፋ። ሁለት ሰዎች እዚያው ሞቱ፤ ፈንታሁን ሁለት ዐይኑን አጣ። አለቃው ለበላዮቹ «ሠራተኞቹ ጠጥተው ነበር» ብሎ ነገረ። ጾመ ነቢያት ይዞ ውሃ እንኳ ያልቀመሰውን ሰው ሰካራም አለው፣ አባቴ።

ሁለት ጊዜ አቤት አልን፣ ሁለት ጊዜ በዱላ መለሱን። ያን ጊዜ ብራና አወጣሁ። በሌለ አገር፣ በሌለ ንጉሥ ዘመን ደወል ስለሚያፈስሱ ሠራተኞች ጻፍሁ። እርጥቡን ቅርጽ፣ ዱላውን፣ ዋሾውን አለቃ አስገባሁበት። በጥር ሚካኤል በደጀ ሰላሙ ሳነብበው፣ ከሟቾቹ የአንዱ እናት አበራሽ ተነሥታ «ይህ ልጄ ነው፤ አገሩን ለምን ሰወርህብኝ?» አለችኝ።

ዲያቆናቱ ገልብጠው እስከ ይፋግ ገበያ ወሰዱት። ከሰል የሚያከስሉት ገበሬዎች ሰው ለሚፈጅ እሳት እንጨት አንቆርጥም ብለው ቀሩ። ምድጃው ሲቀዘቅዝ ነው አንድ ዳኛ የመጣልን፤ ሰው ሲሞት ማንም አልመጣም። አለቃው «የጻፈው እኔን ነው» ብሎ ከሰሰኝ። «ጌታዬ፣ እኔ የጻፍሁት በሌለ አገር ስላለ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ እሳቸው ራሳቸውን በምን አወቁት?» አልሁ። ዳኛው ሞላን አስጠርቶ መረመረ። አለቃው ተሻረ። ዛሬ ሠሪው «ቅርጹ ደርቋል» ብሎ ካልመሰከረ ናስ አይፈስስም፤ እሑድም እናርፋለን። ይህችን ለማግኘት ሁለት መቃብር መቆፈሩ ያንገበግበኛል።

ንስሐ የምገባበት አንድ ሐሰት ብቻ አለኝ። በተረቱ መጨረሻ የታወረውን ሠራተኛ በጠበል ዐይኑን አብርቼለት ነበር፤ ሰሚው እንዳይከፋው ብዬ። ፈንታሁን ሰምቶ «እኔስ መቼ አየሁ? ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው እንዲገቡ አታድርግ» አለኝ። ያን መጨረሻ በካራ ፋቅሁት። ብራናውን ልኬልዎታለሁ፤ ለተማሪዎችዎ ያንብቡላቸው።

የእናቴን የፈንታነሽን ጉልበት ስሜያለሁ። ታናሿ እኅቴስ፣ ትሁን፣ እንዴት ናት? ጎረቤታችን ማሬን፣ ተማሪዎችዎንም ሰላም ይበሉልኝ። እቴነሽ እጅ ነሥታለች። ፈንታሁንም «የአባቴን ድምፅ ናፍቄአለሁ፤ ፊታቸውንስ ዐይኔ ሳለ እንዳየሁት አስታውሰዋለሁ» ብሏል።

ልጅዎ ቀለመወርቅ
ደብረ ታቦር፣ መጋቢት ፲፱ ቀን ፲፰፻፶፯ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ