ከደሙ የተነበበው

ልጄ አመተ ሥላሴ፣ የአሸተኗ ማርያም በሰው አገር ጥላ ትሁንሽ። ወንድምሽን ምሥጋናውን ግን ለእሷ ሰጥቻታለሁ፤ አባትሽን ያስተኛው እሱ ነው። አባትሽ በስልክ እንዳይሰማኝ፣ በስተርጅና በተማርሁት ፊደል እጽፍልሻለሁ።

የሳንባ ካንሰር መሆኑን እያወቀም ሞፈር ይጠርብ ነበር። የደሙ ውጤት የመጣ ዕለት ምሥጋናው እራት ላይ፣ «አባባ፣ ደምዎ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በሽታው እንደሚፈጥን ያሳያል፤ ዓመት መድረስዎ ያጠራጥራል» አለው። እንዲህ ያለው ነገር በነፍስ አባት በኩል ቀስ ተብሎ አይደለም የሚነገር? «አንተ፣ ምነው አፍህን!» ብለው፣ «ማወቅ መብቱ ነው» አለኝ።

አባትሽ ሳቀና፣ «የማላጭደውን ለምን እዘራለሁ?» ብሎ ጋቢውን ተከናነበ። የገብሱ ማሳ ጦም አድሯል። ሐኪሙ፣ «ምርመራው ከብዙ ሕሙማን የታየውን ይናገራል እንጂ የእርስዎን ቀን አይቆርጥም» ቢለውም አልሰማውም።

አንቺ ደግሞ ለውጡ እንዲታይ ድጋሚ ይመርመር ብለሻል። ሐኪሙን ብጠይቀው ምርመራው መድኃኒቱን አይለውጠውም አለኝ። መድኃኒት የሚያመጣ ቢሆን አዝዬ እወስደው ነበር።

ስትደውይ፣ እባክሽ ልጄ፣ ስለ በሬዎቹ ጠይቂው። ያሳደገሽ አምላክ ደጅሽን ይጠብቅልሽ። እኔ ግን ከእንግዲህ ክንዱን ይዤ ደም አላስቀዳም።

እናትሽ ጥሩሰው