የቡሬ ጥጃ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን

የላሜ የቡሬ ጥጃ ዛሬ ጠዋት ሞተ። ትናንት ሲወለድ የኋላ እግሮቹ ጠማማ ነበሩ፤ ለመቆም ይሞክርና ይወድቃል። ጭኔ ላይ አስደግፌ በጡጦ አጠባሁት፤ አልሆነም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ለሰው አልናገረውም፤ ግን በዚህ ዕድሜው የማታ ትምህርት ገብቶ ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ሰው ደብተሩ ላይ አይዋሽም። በባቡር ዘመን ፈረንጆች ባጠሩት በዚህ የከዚራ ሰፈር ግጦሽ ከኔ ኮርማ በቀር ሌላ አይገባም እያልኩ ስፎክር ኖርኩ። ቡሬ ደግሞ የዚያው ኮርማ ልጅ ናት። ወተት የምትረከበኝ አዴ ፋጡማ አምና ነግራኝ ነበር።

«አቦ፣ ኮርማ ለውጥ። አባትና ልጅ ባንድ አጥር አይሆንም።»

«የኔ ኮርማ ንጉሥ ነው አዴ፤ ንጉሥ ከሰፈር ተራ ከብት ጋር አይጋባም» ብዬ ሰዉን አሳቅሁ። እሷ ብቻ አልሳቀችም።

ቡሬ ጥጃዋን ካላየች አትታለብም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ቆዳውን ገፈፍኩ። አዴ ፋጡማ መጥታ ጭድ ሞልታ ሰፋችው፤ ቡሬ ፊት አቆምነው። «ነግሬህ ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ቡሬ አሸተተችው፤ ቆየት ብላ አንገቱን ትልሰው ጀመር። ወተቷ ወረደ።

«እለባት እንጂ፣ ምን ትገተራለህ?» አለችኝ አዴ ፋጡማ።

አለብኩ። ስንቱን በቀልዴ ያታለልኩ ሰውዬ፣ የላሜን ዓይን ማየት አቃተኝ። በስፌቱ በኩል ጭዱ ብቅ ብሎ ነበር። እሷ ግን መላሷን አላቆመችም።