በመጽሐፌ የመጨረሻ ገጽ ላይ ስለነበሩት ሦስት ስሞች

ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለክቡር የጽሑፍ መርማሪ ሹም፣

እንደምን ሰንብተዋል? የደጋው ብርድ ጤናዎን እንዳልነሳዎት፣ የቢሮዎ ምድጃ እንዳልጠፋ፣ እንቅልፍዎም እንደ ወትሮው የተሟላ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የቅኔ መምህሩ አካለ ወልድ ከእስርም ከግርፋትም ነፃ ሆኜ በደኅና አለሁ። አቤቱታዬ ስለዚሁ ደኅንነቴ ጭምር ነውና በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

አስቀድሞ ምስጋና ይገባል። ባለፈው ኅዳር፣ ድርሰት ያለው ሰው ሁሉ ለመሥሪያ ቤትዎ ቢያቀርብ የኢጣልያ መንግሥት በነፃ እንደሚያትምለት በገበያ ሲለፈፍ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የደከምሁበትን የግጥም መጽሐፍ በነጠላ ጠቅልዬ ከደጅዎ የደረስሁት የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርሁ። አትሂድ ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ስሜን በማተሚያ ፊደል የማየት ጉጉት ግን ልጅ አደረገኝ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

አንደኛው አቤቱታዬ ስለ ውርጭ ነው። በግጥሜ ውስጥ የጮቄን ገብስ ያቃጠለው ውርጭ ማን እንደሆነ በአስተርጓሚዎ በአቶ ሙላት በኩል ሦስት ጊዜ አስጠይቀውኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ ውርጭ ማለት ውርጭ ነው ብዬ መልሻለሁ። መልሴ ስላላረካዎት ቃሉ ተፍቆ በቦታው ዝናብ ገባ። እነሆ በታተመው መጽሐፌ ገብስ በዝናብ ይቃጠላል። ለገበሬዎቻችን ስለ ገለጡላቸው አዲስ እውቀት እጅ እነሣለሁ።

ነገሩ ለእርስዎ ቀላል ሊመስል ይችላል። ያችን መስመር ያቃናልኝ ግን የሮብ ገበያው ገበሬ አወቀ ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በወይዘሮ ማንጠግቦሽ ቤት ተሰብስበን የጻፍሁትን አነብላቸው ነበር። እኔ ውርጩን ከደመና አውርጄው ኖሮ፣ ፊደል ያልቆጠረው አወቀ፣ ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ሲጠራ ነው፣ ደመና ካለማ ገብሱ ይተርፋል ብሎ ተሟገተኝ። ክርክሩ ያን ዕለት ሙሉ ፈጀ። ዓይነ ስውሩ አባ ወልደ ሚካኤል ግጥሙ በሚያነክስበት ቦታ ሁሉ መሬቱን በመቋሚያቸው ይመቱብኛል። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሁለት ጊዜ ያልሰማ ሰው እንዳይነቅፍ ብለው ሕግ አወጡ፤ ሕጉን አስቀድመው የሚያፈርሱትም እሳቸው ነበሩ። በሕይወቴ ከእነዚያ እሑዶች የበለጠ ደስታ አላውቅም።

ሁለተኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ ይሁን በእኔ ላይ ለመለየት ተቸግሬአለሁ። በእኛ አገር መጽሐፍ የጻፈ ሰው በመጨረሻው ገጽ ያገዙትን ሰዎች ስም ያሰፍራል፤ የሚያነብ ሁሉ በጸሎቱ እንዲያስባቸው ነው። እኔም ከመምህሮቼ እንዳየሁት የሦስቱን ስም በቀይ ቀለም ጻፍሁ። ከመጽሐፌ ሁሉ እርስዎ አጥብቀው ያነበቡት ይህንን ገጽ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። አቶ ሙላት «እነዚህ ሰዎች የት ይገኛሉ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ መጽሐፉ ሲታተም አንዳንድ ቅጂ ሊላክላቸው መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ነገርሁት። የአወቀ ቤት ከወንዙ ማዶ ትልቁ ኮሶ ያለበት ግቢ ነው አልሁ። አባ ወልደ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቃዊ በር እንደማይጠፉ፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽም እሑድ ከቤታቸው እንደማይወጡ አስረዳሁ። እንዳይሳሳቱ ብዬ መንገዱን በወረቀት ሥዬ ሰጠሁት።

ወታደሮችዎም አልተሳሳቱም። ከሽፍቶች ጋር ይመክራሉ ተብለው ሦስቱም በአንድ እሑድ ተያዙ። አወቀ በገበያ ቀን፣ ሰው እያየው ተሰቀለ። የአባ ወልደ ሚካኤል አስከሬን በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ከእስር ቤት ወጣ፤ ያዩትን ሁሉ እንዲናገሩ ሲገረፉ ከርመው ነው አሉ፣ ብርሃን ካዩ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው።

ሦስተኛ፣ እኔ አልታሰርሁም። ግጥሙ የእኔ ነው፣ እነርሱ ከመስማት በቀር ያደረጉት የለም፣ በወይዘሮዋ ምትክ እኔን እሰሩኝ ብዬ አራት ጊዜ ከደጅዎ ቆሜአለሁ። መንግሥት ደራሲን እንደሚያከብር እንጂ እንደማያስር ተነግሮኝ፣ በአራተኛው ቀን ሃያ መጽሐፍ ተሸክሜ ተመለስሁ። ወረቀቱ ነጭ ነው፤ ፊደሉ ጥርት ያለ ነው፤ ስሜም በትልቁ ተጽፏል። የመጨረሻው ገጽ የለም። ከተማው መጽሐፉን ሲያይ በሦስቱ ሰዎች ምትክ ያገኘሁት ዋጋ ይመስለዋል። ተማሪዎቼም አንድ በአንድ ጥለውኝ ሄዱ። አልፈርድባቸውም።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ወይዘሮ ማንጠግቦሽን ይፍቱልኝ። ሃያውንም መጽሐፍ መልሼ አመጣለሁ፤ ያቃጥሉት። ስሜንም እንደ ውርጩ ይፋቁት፣ ሁለተኛም አልጽፍም። እንደማይፈቷቸው አውቃለሁ። ይህን የጻፍሁትም ዝም ብሎ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው።

በመንግሥትዎ ቸርነት በነፃ የታተምሁ፣ በመንግሥትዎ ቸርነት በነፃ የምመላለስ፣ ለተደረገልኝ ሁሉ ወሮታ መክፈል የማይቻለኝ ትሑት ባለ ውለታዎ፣

መሪጌታ አካለ ወልድ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በመሥሪያ ቤትዎ አጥር ላይ ለጥፌዋለሁ። ቆሞ ሲያነብ የታየ ሰው ስሙ እንደሚያዝ ሁሉም ስለሚያውቅ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤ ስለዚህ በዚህ ከተማ የቀሩኝ አንባቢ እርስዎ ብቻ ነዎት። እንደ አገራችን ልማድ ስምዎን ከግርጌው ላሰፍር ብዬ አቶ ሙላትን ብጠይቀው፣ ለደኅንነትዎ ሲባል ስምዎ በማናቸውም ወረቀት ላይ እንዳይጻፍ ታዟል አለኝ። ይህን ጥንቃቄ በኅዳር ወር አውቄው ቢሆን ኖሮ፣ ሦስቱም ዛሬ በሕይወትና በቤታቸው ነበሩ።