በጎመን ዘር ያሟሸኋቸው ዚሮች

ኮኪት፣ የካቲት 9 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ እታለሜ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ ያስወጣሻል ወይስ እንደ አምናው እየተከራከራችሁ ነው? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሙቀቱ ይገድልሃል ያልሽው እስካሁን አልተሳካለትም፤ ሙከራውን ግን አላቋረጠም። ስልኩ ዝም ካለ ሦስተኛ ሳምንቱ ስለሆነ ይህን በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ልኬዋለሁ።

የዝውውሩ ቅጽ ደርሶኛል። ስምንት ወር ቢሮ ለቢሮ ተንከራተሽ ጎንደር ላይ፣ ያውም ከቤትሽ በእግር የሚደረስ ትምህርት ቤት እንዳገኘሽልኝ፣ የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም በየካቲት መጨረሻ መድረስ እንዳለበት አንብቤያለሁ። መልሴን እጽፋለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ቲማቲም መናገር አለብኝ።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እመቤት ትባላለች። ባሏ የትራክተር ሹፌር ነበር፤ ካረፈ ስድስት ዓመት አለፈው። ይህን የምነግርሽ ግቢውን እንድታውቂው ያህል ነው። እዚህ ሱዳን ድንበር ላይ በሄክታር ያልተለካ እርሻ፣ እርሻ አይባልም፤ ሰሊጥና ማሽላ የማይዘራ ሰው እንደ ታመመ ይቆጠራል። እሷ ግን ከኩሽናዋ ጀርባ፣ አሥር አልጋ በማይዘረጋበት መሬት፣ ባምያ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ጀርጂር ታበቅላለች። ጀርጂር ሱዳኖች በጥሬው የሚበሉት የሚያቃጥል ቅጠል ነው። መጀመሪያ ስቀምሰው የተቀጣሁ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ያለ እሱ ምሳ አይወርድልኝም። ሁለት ትራክተር ያለው ጎረቤታችን ደረበ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ «አንቺ ሴት፣ ይኸን መሬት በማንኪያ ነው የምታርሽው?» ይላታል። እሷም ቀና ሳትል «አዎ። አንተ በትራክተር ታርሳለህ፤ ቃሪያ ግን ሚስትህ ከማንኪያዬ ትለምናለች» ትለዋለች።

የሚደንቀው ውኃው ነው። በበጋ ውኃ በአህያ ጋሪ፣ በጀሪካን ነው የሚመጣው። በባልዲ ብታጠጪ ከሥሩ በፊት ፀሐዩ ይጠጣዋል። እመቤት ዚር ትቀብራለች። ዚር የዚህ አገር ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ ሲሞላ በሆዱ ያልባል፣ የመጠጥ ውኃ የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ ነው። እስከ አንገቱ አፈር ውስጥ ቀብራ ትሞላዋለች፤ ዙሪያውን ችግኝ ትተክላለች፤ ዚሩ ቀስ እያለ ሲያልብ ሥሩ እየመጣ ይጠጣል። ስለ መስኖ ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጨዋ መስኖ ግን አላጋጠመኝም። ይህን ሁሉ አሁን እንደ ሊቅ እነግርሻለሁ እንጂ፣ ያን ጊዜ የማውቀው እንደምትቀብራቸው ብቻ ነበር።

ኅዳር ላይ አራት አዲስ ዚር አስመጣች። ሳትቀብራቸው ገለጉ ከተማ ዘመድ ሞተባትና ለልቅሶ ሄደች፤ መንገዱ መንገድ ስላልሆነ ሁለት ሳምንት ቀረች። ስትሄድ «መምህር፣ አደራዎን፣ ዚሮቹን ይቅበሩልኝና ቲማቲሙን ዙሪያቸውን ይትከሉልኝ» ብላኝ ነበር። ውኃ ሞልቼ ብሞክራቸው አራቱም ያፈሳሉ። አንቺ ያሳደግሽኝ ልጅ ነኝ፤ የሚያፈስ ሸክላ አይቼ ዝም ማለት አልቻልሁም። ጎመን ዘር ገዝቼ ወቀጥሁ፤ ዚሮቹን በእሳት አሞቅሁ፤ አንቺ አዲስ ምጣድ እንደምታሟሺው ውስጣቸው እስኪያብረቀርቅ አሸሁት። ቀበርሁ፣ ተከልሁ፣ ሞላሁ። በሦስተኛው ቀን ባይ ውኃው አልጎደለም። በስምንተኛውም አልጎደለም። በቁጠባዬ ኮራሁ። ቲማቲሙ ግን ጠወለገ። የዕፅዋት በሽታ መጽሐፍ አገላብጬ ሦስት በሽታ አገኘሁለት፤ የሦስቱም ስም ግርማ ነበረው።

እመቤት የሐዘን ልብሷን ሳትቀይር ጓሮ ገባች። እጇን ዚሩ ውስጥ ከትታ ጣቷን አሸተተችና «ምንድን ነው የቀባኸው?» አለችኝ። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበርሁ። ነገርኋት። አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆየች፤ አለቀሰች ብዬ ስደነግጥ ሳቋ አመለጣት። ባለሱቋ ጎረቤታችን ሐሚዳ ተጠርታ መጣች፤ እሷማ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ያ ኡስታዝ! አይ መምህር! ዚር ሲያልብ ነው የሚሠራው፤ የማያልብ ዚርማ ሹም ነው!»

እመቤት ዚሮቹን ቆፍራ አወጣች። የሰሊጥ ጭራሮ ከምራባቸው፣ ቅባቱ እንዲለቅ በእሳት አነደደቻቸው። ሁለቱ ተሰነጠቁ፤ ሁለቱ ማላብ ጀመሩ። ከዚያ ለአሥራ ሁለት ቀን በየማለዳው እሷ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ እየሆንን ችግኙን በጣሳ አጠጣን። አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ትንበረከክና የደረቀውን ግንድ በጥፍሯ ጫር አድርጋ «ይኸ አለ፤ ውስጡ አረንጓዴ ነው» ትላለች። እኔ ሞተ ያልሁትን ሁሉ እሷ አለ ትላለች። ከሃያ አራቱ አሥራ ዘጠኙ አሉ። እታለሜ፣ የብዙ ትልልቅ ሰዎችን ታሪክ አንብቤያለሁ፤ ተስፋ አለመቁረጥን ያለ ንግግር የሚሠራ ሰው ግን ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ባለሁለት ትራክተሩ ደረበም ሳይቀር አሁን በአጥሩ ላይ ስለ ማንኪያዋ መጠየቁን ትቷል።

ባለፈው እሑድ የመጀመሪያው ቲማቲም ቀላ። ለሁለት ቆርጣ ጨው ነሰነሰችበትና ትልቁን ግማሽ ሰጠችኝ። «ትሄዳለህ አሉ» አለችኝ። ማን እንደነገራት አላውቅም፤ እዚህ ፖስታ ከባለቤቱ በፊት ይነበባል። ቅጹ መጥቷል አልኋት። «እንግዲያ የዚሩን ነገር ልብ ብለህ ያዘው፤ ጎንደር ለሚተክል ሰው ታሳየዋለህ» አለችና ባምያ ልትለቅም ሄደች። ቢላዋዋን ግን እጄ ላይ ረስታው ሄደች፤ ዕቃ የምትረሳ ሴት አይደለችም።

ቅጹን ከዚህ ጋር መልሼልሻለሁ። አልፈረምሁበትም። ድካምሽን አውቃለሁና ይቅር በዪኝ። ለቢሮው «በጤና ምክንያት» በዪልኝ፤ ውሸት አይሆንብሽም፤ እንዲህ ጤና ከተሰማኝ ዘመን የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርሽ። አጎታችንን፣ የንስሐ አባትሽን፣ ሌላም አንድ ጨዋታ የሚያውቅ ሽማግሌ ጨምሪና ሦስት አድርገሽ ላኪልኝ፤ ቲማቲሙን እንዲያዩልኝ ነው። ጋቢያቸውን ይልበሱ። ከፋሲካ ማግሥት ቢነሡ ይበቃል። ቲማቲሙ ያለው ኮኪት ነው፤ እነሱ ግን የሚሄዱት ሳንጃ ነው፤ የእመቤት አባት አያ ባየልኝ የሚኖሩት እዚያ ነው። እሷንም አማክሬያታለሁ። «አባቴ ቲማቲም አይወድም፤ ሽማግሌ ግን አይመልስም» ብላኛለች።

አምላክ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ቤትሽን በረከት አይለየው።

ታናሽ ወንድምሽ