ወለተ ማርያም ስለ እኛ የተናገረችበት ሳምንት

ሰኞ

ኤልዳና ዛሬም ስልኩን ሳቀብላት አልጋ ሥር ገባች። ባለቤቴ ሕይወት ስክሪኑ ላይ ፈገግ እንዳለች ትጠብቃለች። ካሜራውን ወደ መጋረጃው አዞርኩና «ጎረቤት ሄዳለች» አልኳት። ባለፈው «ተኝታለች» ነበር ያልኩት። ከዚያ በፊት «የቤት ሥራ ይዛለች»። ውሸት እያለቀብኝ ነው።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ አየርላንድ ስትሄድ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ሕይወት እዚህ አዳማ ነርስ ነበረች፤ እዚያ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች። «ዓመት ሠርቼ እወስዳችኋለሁ» ብላ ነው የሄደችው። ሕጉ ግን በእሷ ዓይነት የሥራ ፈቃድ የገባ ሰው ደመወዙ ከተወሰነ ልክ ካልደረሰ ቤተሰቡን አያስመጣም ይላል። የእሷ አልደረሰም። መቼ እንደሚደርስም እንጃ።

ኤልዳና አሁን «እማዬ» የምትለው አያቷን ነው፣ የሕይወትን እናት፣ እማማ አስካለን። ማንም አላስተማራትም። አንድ ቀን ጀመረች፤ ዝም አልን፤ በዚያው ጸና። ለሕይወት አልነገርናትም። ምን ብለን እንነግራታለን?

ትልቁ ወሬ ግን ሌላ ነው። ሕይወት ከምትጦራቸው አሮጊቶች የአንዷ ልጅ የአየርላንድ ሴኔት አባል ናት። እሑድ እሑድ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ሕይወትን የአሮጊቷን ፀጉር ስታበጥር ታገኛታለች፤ እንዲህ እንዲህ እያሉ ተግባቡ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ንግግሮቿን እከታተላለሁ። ትናንት ሴትዮዋ «የእናንተን ጉዳይ ረቡዕ ምክር ቤት ውስጥ አነሳዋለሁ» አለቻት። ሕይወት ስትነግረኝ ሁለት ጊዜ ደጋገመችው። እኔም ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ እፈራለሁ።

ማክሰኞ

ከሰዓት ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ የሴናተሯን ንግግሮች ሳይ ዋልኩ። ገመቹ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር በኦሮምኛ ሰላምታ «አካም ጅርታ፣ ክቡር ሴናተር» ይለኛል። ስሙ ከወጣልኝ ሰነባብቷል፤ ተማሪዎቹም ሳይሰሙ አልቀሩም።

እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። የሴትዮዋን እንግሊዝኛ ግን ግማሹን አልሰማውም፤ ቃላቱን ሳታኝክ ነው የምትውጣቸው። ደግነቱ የተናገረችው ሁሉ በማግስቱ በጽሑፍ ይወጣል። እስካሁን ያነሳቻቸው፦

ስለ ገጠር አውቶቡስ። ሽማግሌዎች ሐኪም ቤት የሚሄዱበት አጥተዋል።
ሊዘጋ ስለተቃረበ ፖስታ ቤት።
ወንዝ ውስጥ ስለሚጣል ቆሻሻ።
ስለ ፖስታ ቤቱ፣ እንደገና።
ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ስለሚሻገሩበት መንገድ መብራት።

ሁሉንም ከልቧ ነው። ስትናገር አንገቷ ይቀላል። ችግሩ መልሱ ላይ ነው። የሚመልሰው ባለሥልጣን ይነሳል፣ ያመሰግናታል፣ ጉዳዩ አሳሳቢ መሆኑን ያምናል፣ ለሚመለከተው አካል እንደሚያደርስ ቃል ይገባል፣ ይቀመጣል። እኔ እንዲህ ያለ መልስ እኛ ዘንድ ብቻ የሚመረት ይመስለኝ ነበር።

ፖስታ ቤቱ ተዘጋ። ከወራት በኋላ በተናገረችው ውስጥ አገኘሁት። አውቶቡሱም አልተመለሰም። አይቼው የማላውቀው ሀገር ፖስታ ቤት ተዘጋ ብዬ ምሳዬ አልወርድ አለኝ። የመንገዱ መብራት ግን ተተክሏል። ያንን መብራት ይዣለሁ። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል ነው ነገሩ።

ቤት ስገባ እማማ አስካለ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ይጠብቁኛል። የንስሐ አባታቸውን ስለ ሴናተሯ ጸልዩልኝ ብለዋቸው ኖሯል፤ አባ ደግሞ የክርስትና ስሟን ጠየቁ።

«ማን ልበላቸው ልጄ? በዓለም ስም እንዴት ይጸለያል?»

እንደማላውቅ ነገርኳቸው። እዚያ ሀገር መንገድ ዳር ሁሉ የማርያም ሐውልት እንዳለ ሕይወት አንድ ጊዜ አጫውታቸው ነበር። እሱን አሰቡ መሰለኝ፣ ወሰኑ።

«እንግዲያው ወለተ ማርያም ትባል። እመቤቴ የራሷን ታውቃለች።»

ስለትም ተሳሉ። ነገሩ ከተሳካ ለማርያም ዘርፍ ያለው ትልቅ ጃንጥላ። እንግዲህ የአየርላንድ ሴናተር አዳማ ላይ ክርስትና ተነሳች፤ ራሷ ሳትሰማ።

ረቡዕ

ተናገረች።

መብራት ስለጠፋ ዋይፋይ አልነበረም። በገመቹ ስልክ፣ በገመቹ ዳታ፣ ማረፊያ ክፍሉ ጥግ ላይ ሆነን አየነው። ምስሉ ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል።

አዳራሹ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ይህን አልጠበቅሁም። በየቪዲዮው እሷን ብቻ ስለሚያሳዩ፣ ፊቷ ሙሉ ጉባኤ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጥቂት ሰዎች እዚህም እዚያም ጣል ጣል ብለው ነው። አንደኛው ስልኩን ይነካካል። ወለተ ማርያም አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ ተነሳች። «እናቴን የምትንከባከብ ሴት» የምትለውን ሰማሁ። «ልጅ» የሚለውን ሰማሁ። ከዚያ አፏ እንደተከፈተ ምስሉ ደረቀ። ገመቹ ስልኩን ወደ መስኮቱ ወሰደው፣ ከፍ አደረገው፣ አወዛወዘው። ሲመለስ እሷ ተቀምጣ መልስ ሰጪው ቆሟል። የሱን እንግሊዝኛ ደግሞ አንድ ቃል ሳይቀር ሰማሁት። ሕጉ እየታየ ነው። መቼ እንደሚያልቅ ዛሬ ለመናገር አይቻልም። ሴናተሯን ያመሰግናል።

ያኔውኑ ስለ ሌላ ጉዳይ ሌላ ሰው ተነሳ።

ገመቹ ሁልጊዜ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ነበር የሚያሾፍብኝ። ዛሬ ትከሻዬን ብቻ ነካ አድርጎኝ ክፍሉ ሄደ። ቢያሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር።

እማማ በር ላይ ጠበቁኝ። እየታየ ነው አሉ አልኳቸው። የሚያየው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ ምን አውቄ።

ሐሙስ

ጽሑፉ ወጣ። በእረፍት ሰዓት ባሕር ዛፉ ሥር ቆሜ አነበብኩት። ኔትወርክ የቆረጠብኝ ቦታ ላይ እንዲህ ብላ ኖሯል፦

«ጠዋት ጠዋት የእናቴን ፀጉር የምታበጥር ሴት የሰባት ዓመት ልጅ አላት። ልጅቷ እናቴ ብላ የምትጠራው አያቷን ነው። ባሏ እንዳይከፋት ብሎ ይህን ይደብቃታል። እሷ ደግሞ እንዳይከፋው ብላ ማወቋን ትደብቀዋለች።»

ታውቃለች።

ደጋግሜ አነበብኩት። በስልክ ሰምታ ይሆናል፤ ኤልዳና ከጓዳ «እማዬ ውሃ» ስትል ስንት ጊዜ ደርሷል። መጋረጃውን ሳሳያት፣ ጎረቤት ናት ስላት፣ እሺ ስትለኝ፣ ሁሉንም እያወቀች ነው። መጀመሪያ ተናደድኩ። ለኔ ያልነገረችኝን ለሰው ሀገር ምክር ቤት ትነግራለች? ቀጥሎ አፈርኩ።  አልጋ ሥር ከገባ ልጅና ስልክ ውስጥ ከቀረች ሚስት መሐል ቆሜ የማደርገው ነገር የለኝም። ሕግ አላወጣም፣ ደመወዝ አልጨምር፣ ልጅን «ውደጂ» ብዬ አላዝዝ።

የክፍል ደወል ተደወለ። ክፍል ገብቼ ያለፈውን ሳምንት ትምህርት ደግሜ አስተማርኩ። ያረመኝ የለም።

ዓርብ

ሕይወት «ሰማኸው?» ብላ ጽፋልኛለች። «ኔትወርክ ቆረጠብኝ» ብዬ መለስኩ። እውነት ነው። ግን ውሸት ነው።

ለእማማ አስካለ ግን ነገርኳቸው። በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ሽንኩርት እየላጡ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጡ።

«እኔ ነኛ ልጇን የቀማኋት» አሉ።

እርስዎ ባይኖሩ ልጅቷ ምን ትሆን ነበር አልኳቸው። አልሰሙኝም። ኤልዳናን ጠርተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና እኔ አያትሽ ነኝ፣ እናትሽ ሕይወት ናት፣ ከዛሬ ጀምሮ እማዬ ብለሽ እንዳትጠሪኝ አሏት። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች ግራ ገብቷት አለቀሰች። እሳቸውም አለቀሱ። እኔ የሽንኩርቱን ልጣጭ ሰብስቤ ጣልኩ።

ቅዳሜ

እማማ ጃንጥላውን ገዝተው መጡ።

ስለት የሚሰጠው ሲሳካ ነው አይደል እንዴ አልኳቸው።

«አስቀድሜ ልስጣት። ከዚያ በኋላ የሷ ጉዳይ ነው።»

እመቤታችን ላይ እንዲህ ያለ ድፍረት ከሌላ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ጃንጥላው ባጃጁ ውስጥ አልገባ ብሎ ጫፉ በጎን ወጥቶ ሄድን። ንፋሱ ደግሞ የአዳማ ንፋስ ነው፤ ዘርፉ መንገደኛውን ሁሉ ፊት ፊቱን ሲለው ሹፌሩ በየመሐሉ ቆሞ ያጣጥፈዋል። ደረስን። ሰጡ። ሲመለሱ ቀለል ብሏቸዋል። እኔን ግን አልቀለለኝም።

እሑድ

እንዳልዋሽ ወስኜ ነበር የጠበቅኳት። ደወለች። ኤልዳና አልጋ ሥር ገባች።

«አልጋ ሥር ናት» አልኩ። «ስትደውይ ሁልጊዜ እዚያ ነው የምትገባው።»

 መጋረጃው ላይ ያዞርኩትን ካሜራ ወደ ፊቴ መለስኩት። ሴናተሯ ያለችውን አንብቤዋለሁ አልኳት።

«ለሷ መንገር ቀለለኝ» አለች ሕይወት። «ያንተን ፊት እያየሁ አልችልም ነበር።»

ይቅርታ ልበላት ወይስ ይቅርታ ልጠብቅ አላወቅሁም። አሮጊቷ እንዴት ናቸው ብዬ ጠየቅኳት። ደህና ናቸው አለች። ፀጉራቸው ሳስቷል፣ ይበጣጠሳል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚበጠረው፤ ሌላ ሰው ሲነካቸው ይጮሃሉ፣ እሷን ብቻ ነው እሺ የሚሏት።

ከአልጋ ሥር ድምፅ መጣ።

«የማንን ፀጉር?»

ሕይወት የሰማችው አልመሰለኝም ነበር። ሰምታለች። «የአንድ አሮጊት» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ወፍ እንዳያበር እንደሚጠነቀቅ ሰው።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ኤልዳና ወጣች። ጉልበቷ ላይ አቧራ አለ። እናቷን አላየቻትም፣ ሰላምም አላለቻትም። ስልኩን ከእጄ ወስዳ የስኳር ቆርቆሮው ላይ አስደገፈችው፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠችና የፀጉር ማስያዣዋን ፈታች። ፀጉሯ ካሜራው ፊት ዱብ አለ።

አልገባኝም ነበር። ሕይወት ገባት። እኔን ማዘዝ ጀመረች። ማበጠሪያ አምጣ። መሐሉን ክፈለው፣ ቀጥ አድርገህ። ከጫፉ ጀምር እንጂ ከሥሩ አትጎትት። ሦስት ቦታ ያዘው። አሁን የቀኙን በመሐለኛው ላይ። እጄ ጠመኔ እንጂ ፀጉር አያውቅም። ኤልዳና «አሳመምከኝ» ትለኛለች፤ ሕይወት «ላላ አድርገው» ትለኛለች፤ ሁለቱ አንድ ላይ ተቆጡኝ። ከሦስት ዓመት ወዲህ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የቀኙን ጎን ጨረስኩ። ጠማማ ነው፣ ግን ጉንጉን ነው። ሕይወት «አሁን ወደ ግራ» ብላ ጣቷን ስታነሳ ምስሉ ቆመ። ጣቷ እንደተነሳ ቀረ። ከዚያ እሱም ጠፋ።

መልሼ ደወልኩ። አይሰራም። ደጅ ወጣሁ፣ ጎረቤት ጠየቅሁ፤ የማንም አይሰራም። ኤልዳና ጀርባዋን ለስልኩ እንደሰጠች አልተነቃነቀችም።

እማማ አስካለ ቅባቱን ይዘው ቀረቡ፣ ሊጨርሱላት። ልጅቷ ራሷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«አንቺ ተይው። እማዬ ትጨርሰዋለች።»

እማማ ቅባቱን ከደኑት። «እሺ የኔ ልጅ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ብዙ ቆዩ። ተከትዬ አልገባሁም።

ሰኞ ጠዋት

ኔትወርኩ አልመጣም። ሕጉም እየታየ ነው።

ኤልዳና የቀኝ ፀጉሯ ተጎንጉኖ፣ የግራው እንደተፈታ ተኝታ፣ እንደተፈታ ተነሳች። አንድ ላይ ላስይዝልሽ ብላት እምቢ አለች። የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ አይቷት ሳቀ፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛም ሳቀ። እሷ ዞር ብላ አላየቻቸውም።

በሩ ላይ፣ ቲቸር ፀጉርሽ ምን ሆነ ብትልሽ ምን ትያታለሽ አልኳት።

«ገና አላለቀም እላታለሁ» አለችና ገባች።