ደም ያልፈሰሰው ራስ

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

ጥቂት መስመር ብቻ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጣለሁ። ሐኪሙ ማንበብም መጻፍም ከልክሎኛል። ልጅ ነው፤ "እማማ፣ መጽሐፍ ያነባሉ እንዴ?" ብሎ ተገርሞ ነበር። "አንጎልዎ ተናውጧል፤ መድኃኒቱ እረፍት ብቻ ነው" አለኝ። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጉድጓድ ገብቶ ራሴ ከብረቱ ጋር ከተጋጨ ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኑ። ደም አልወጣም። ቁስል የለም። ለዚህ ነው ማንም የማያምነኝ።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

ዛሬ ያልቻልኩት፦ የጎረቤት ራዲዮ። ከቆርቆሮ ላይ የሚያንጸባርቅ ፀሐይ። ጎንበስ ብሎ እሳት ማንደድ። የነፍስ አባቴን ስም እስከ ምሳ ድረስ ረስቼው ዋልኩ።

የቻልኩት፦ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ አንድ ርእስ። ባሌ ሙላት ከሞተ በኋላ ደብረ ታቦር ገብቼ ማንበብ የተማርኩት ከዚህ ግድግዳ ነው፤ ያስተማረኝ ሰው የለም። ዛሬ ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ።

እትዬ ጥሩነሽ መጡ። የሙላት ታላቅ እህት ናቸው፤ ከእኔ ሦስት አጥር አልፈው ይኖራሉ። ማክሰኞ የማርያም ማኅበር ተራው የእኔ ነው። ጽዋውን በተቀበልኩ ማግስት ነው የተመታሁት።

"የጠላው ጥንስስ የታለ?" አሉኝ።

አሻሮው ራሱ አልተቆላም ብላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ እንደ ሙሽራ ያበራል! አገሩ ሁሉ የሹ ሰነፈች እያለ ነው።"

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ

አሻሮውን ልቆላ ተነሣሁ። ግማሽ ሳልደርስ ጭሱ ጭንቅላቴን ሰነጠቀው። ወጥቼ አስታወክሁ። ስመለስ ገብሱ ከስሏል።

እትዬ መጥተው ከሰሉን አዩ። መቀነት ይዘው ነበር፤ ጭኔ ላይ ጣሉልኝ። "ራስሽን ጠፍረሽ እሰሪና ተነሺ። ራስ ምታት ሰው አይገድልም።"

መቀነቱን አጣጥፌ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። ከስንፍናዬ መሰላቸው። ቃሉን ግን አውቀዋለሁ። የእኔ ቃል ነው።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሐኪሙ ይቅር ይበለኝ፣ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። እየጻፍኩ፣ ዓይኔን እየጨፈንኩ፣ ደግሞ እየጻፍኩ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ያኔ ጉና ተራራ ሥር ነበርን። ሙላት ከበቅሎ ወደቀ። ደም አልወጣም። ሦስት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ብርሃን ጠላ፣ ድምፅ ጠላ፣ የበላውን መለሰ። አራተኛው ቀን ወንፈል ነበር። ሰዎቹ የእኛን ገብስ ወቅተውልናል፤ አሁን የእነሱን የምንወቃበት ተራ ነው።

"ትንሽ ልተኛ፣ የሹ" አለኝ።

"ሰው ምን ይለናል? በልተው ካዱን አይሉም?" አልኩት። መቀነቴን ፈትቼ ራሱን ጠፍሬ አሰርኩለትና መንሹን አስጨበጥኩት። ራስ ምታት ሰው አይገድልም፣ አልኩት። ከአውድማው በቃሬዛ አመጡት። በማግስቱ ጠዋት ሞተ።

ለቅሶ ላይ ሲጠይቁኝ፣ "ራሱ ነው እሄዳለሁ ያለው፤ ብለምነው አሻፈረኝ አለ" አልኩ። ለነፍስ አባቴ እንኳ ግማሹን ነው የተናዘዝኩት። እትዬ ጥሩነሽ ግን ይህንኑ ውሸት ይዘው ለሰው ሁሉ ያወራሉ፦ "ወንድሜ እኮ ታሞ እንኳ ከወንፈል የማይቀር ሰው ነበር!" ሲሉ ደረታቸውን ነፋ ያደርጋሉ። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ታኅሣሥ 19፣ እሁድ

ገብርኤል። የድምፅ ማጉያው ከንጋት ጀምሮ። ትራስ ራሴ ላይ ጭኜ ዋልኩ፤ በገብርኤል ቀን ጆሮዬን ደፈንኩ።

እትዬ ከቤተ ክርስቲያን እንደ ወጡ መጡ። መቀነቱ እንዳለ ተጣጥፎ ሲያዩ ተናደዱ። "አንቺ ልጅ፣ እኔው ልሰርልሽ!" ብለው ከኋላዬ ቆሙና ሳብ አደረጉት። "እንዲህ ነው የሚታሰር።"

"እኔም እንዲህ ነበር ያሰርኩለት" አልኩ።

"ለማን?"

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ከኋላዬ ስለነበሩ ፊታቸውን አላየሁም። እጃቸው ግን ቆመ። ከዚያ መቀነቱን ቀስ ብለው ፈቱት፣ ወገባቸው ላይ ዙሪያውን ጠመጠሙትና ወጡ። በሩን አልዘጉትም። ፀሐዩ ገብቶ ዓይኔን ወጋኝ። ተነሥቼ ለመዝጋት አልደፈርኩም።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

ማንም አልመጣም። ጠላ የለም። ዳቦ የለም። ነገ ማኅበርተኛው ባዶ ቤት ይገባል።

መጽሐፍ ውስጥ የተናዘዘ ሰው ሁሉ ይቀልለዋል። እኔን አልቀለለኝም። ያለችኝን አንዲት ዘመድ አጣሁ፣ ራሴም እንደ ታመመ ነው።

ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ

እትዬ ጥሩነሽ በጠዋት መጡ። አልገቡም። ደጃፉ ላይ እንደ ቆሙ ተናገሩ፤ ፊታቸው አብጧል።

"ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። ለገና ከጠመቅሁት ይጠጣሉ።"

"ማርያም ትስጥልኝ፣ እትዬ..."

"ዝም በይ! ላንቺ ብዬ አይደለም። ይቅር አልኩሽ አላልኩም።" ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። "እሱን ተኛ ያለው ሰው ስላልነበረ ነው። ተኚ።"

በሩን ከውጭ ሳቡት። ቀስ ብለው፣ እንዳይጮህ በእጃቸው ደግፈው።

ተኛሁ። ስነቃ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ከእሳቸው ቤት የማኅበርተኛው ድምፅ በሩቁ ይሰማል፤ ዛሬ ብዙም አልወጋኝም። ነገ ይመጡ እንደሆን አላውቅም። በሩን አልቀረቀርኩትም።