ሂሮናሚን የቆረቆርኳት እኔ ነኝ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለይገረም፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንዴት ነህልኝ? ብርድ ሲመጣ የሚነሣብህ ሳል ተወህ ወይ? በዚህ ወረርሽኝ ጊዜ ሰው ፊት ማሳል ራሱ እንደ ወንጀል ይቆጠራልና ተጠንቀቅ። አባዬ ወገቡን ተሻለው? እማዬስ እጇን? ጽጌሬዳ ትምህርት ቤት ተመለሰች ወይስ አሁንም ቤት ናት? ጊደሯስ ወለደች? እኔን ከጠየቅኸኝ በጣም ደህና ነኝ። አልታመምኩም፣ አላበድኩም፣ ቅናትም አልያዘኝም። ይህን ከሰላምታው ጋር የቀላቀልኩት ስለ እኔ እንዲህ እየተባለ እንደሚነገራችሁ ስለማውቅ ነው።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ገና "ጃፓን" ከማለቴ አባዬ "አጎትሽ ሁሉን ነግሮኛል" ብሎ ዘጋብኝ። አንተም ቁጥሬን ከዘጋህብኝ ቆየህ። አልተቀየምኩህም፤ በአንተ ቦታ ብሆን እኔም አንድ ሰሞን አኩርፍ ነበር። ወረቀት ግን እጅህ ከገባ በኋላ እንደ ስልክ አይዘጋም። ይህን የሚያመጣልህ የጓደኛዬ የፈዲላ ወንድም ነው፤ ወራቤ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሲመጣ ሆሳዕና ድረስ ወርዶ ለአንተ ብቻ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ።

አክስታችን ኤርጎጌ እንደነገረችኝ አባዬ አንተን ጃፓን ለመላክ የወንዙን ዳር መሬት በኮንትራት ሊሰጥ፣ ኮረብታው ላይ ያለውንም ባሕር ዛፍ ሊያስቆርጥ ነው። የምትሄድባት ከተማ ሂሮናሚ ትባላለች፤ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ተገኝቶልሃል፤ ላኪው የአጎታችን የአቢሶ ሚስት ወንድም፣ ኪዱ ነው። ይገረም፣ ስማኝ። ሂሮናሚ የምትባል ከተማ ጃፓን ውስጥ የለችም። የቆረቆርኳት እኔ ነኝ፤ እዚህ ጆሃንስበርግ ዳር ዛንድስፕሩት፣ ከአጎታችን ሱቅ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በስኳር ካርቶን ላይ።

አጎታችን ወደዚህ ሲያመጣኝ ማስተርስሽን ትማሪያለሽ ብሎ አባዬ ፊት ምሎ እንደነበር ታስታውሳለህ። ጂኦግራፊ ተምሬ ስመረቅ የደገሳችሁልኝም ትዝ ይልህ ይሆናል። እዚህ ስደርስ ያ መሐላ የት እንደገባ አላውቅም፤ ከፍርግርግ ኋላ ቆሜ ዳቦና የስልክ ካርድ እየሸጥኩ፣ ደንበኛው ሁሉ በአገሩ ቋንቋ "ሲሲ"፣ እህቴ፣ እያለ እየጠራኝ ዓመት አለፈ። መጋቢት ላይ አገሩ በወረርሽኙ ምክንያት ሲዘጋ የሐበሻ ሱቆች ልጆች ሁሉ ቤት ዋሉ፤ በየመደርደሪያው ሥር ሲልከሰከሱ ሳይ ሰብስቤ ማስተማር ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። የአጎታችን ልጅ ሀሌሉያ እዚሁ የተወለደች፣ የጃፓን ካርቱን ስታይ የምትውል ልጅ ናት። "ስለ ጃፓን ካላስተማርሽን አንማርም" ብላ ሌሎቹንም አሳመፀችብኝ። አትላስ የለኝም፤ ያላየሁትን እውነተኛ ከተማ እየገመትኩ ልጆቹን ከማሳስት የራሴን ልሥራ አልኩ። የፈጠራ ከተማ እንደሆነችም ነገርኳቸው። የስምንት ዓመት ልጆች ገብቷቸዋል።

ከተማዋ ይህች ናት። ከጀርባዋ ኮረብታ፣ ከፊቷ ባሕር አለ፤ በጎኗ የሚወርደው ወንዝ ሁለት ጊዜ ተጠማዞ ወደቡ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የሰፈሩባት ባሎቻቸውን ባሕር የወሰደባቸው ሴቶች ነበሩ። የባሕሩን ውኃ በብረት ድስት እያፈሉ ጨው ያወጡና ይሸጡ ነበር። በኋላ አንድ መስፍን መጥቶ ኮረብታው ላይ ግንብ ሠራ፤ ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ ብሎ ሴቶቹ ከከተማው እንዲወጡ አዘዘ። አልወጡም። ድስታቸውን አሰበረባቸው፤ በሸክላ አፈሉ። እዚህ ላይ ዑራኤል የሚባል የጎረቤት ልጅ "ለምን ሌላ ቦታ አልሄዱም?" ሲል ሀሌሉያ ተቆጥታ "ቀድመው የነበሩት እነሱ ናቸው፣ እሱ ይሂድ!" አለችው። ከዚያ በላይ ታሪክ ማስተማር አልችልበትም።

አንድ የበጋ ቀን ከግንቡ ማድ ቤት እሳት ተነሥቶ ከተማዋን በላት። ከወደቡ ውኃ እየቀዱ ያጠፉት እነዚያው ጨው አፍይዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ እሳት ከሰፈር ሰፈር እንዳይዘል ብለው መሐል ላይ ምንም የማይሠራበት ሰፊ ሜዳ ተዉ። መስፍኑ ግንቡን ጥሎ ሄደ፤ እነሱ ቀሩ። ቆይቶ ባቡር ገባ፤ የዓሣ ፋብሪካ ተሠራ፤ ፋብሪካውን ያስቀመጥኩት ነፋሱ ሽታውን ወደ ቤቶቹ እንዳያመጣው አስቤ ከሁሉም ራቅ አድርጌ ነው። መጨረሻ ላይ ሀሌሉያ ታክሲ ራንክ የሌለው ከተማ ከተማ አይደለም ብላ ስታለቅስ፣ እንደ ጆሃንስበርጉ፣ ሚኒባሶች ጡሩምባ እየነፉ ተሳፋሪ የሚጠሩበት የታክሲ ተራ ከባቡር ጣቢያው ጎን ሣልኩላት።

ኪዱን ታውቀዋለህ፤ ሆሳዕና ሲመጣ ደመናም ቢሆን ጥቁር መነጽሩን የማያወልቀው፣ ለሰው የመሄጃ መስመር አገኛለሁ የሚለው። አንድ ቀን ለአጎታችን ሰላም ሊል መጥቶ ካርታዬ ፊት ቆመ። ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ "ፋብሪካው ሰው ይቀጥራል?" አለኝ። "በእኔ ከተማ ሥራ ፈት የለም" አልኩት። "የውጭ ሰውስ?" "ሁሉም ይገባል፤ ፖሊስም ወረቀት አይጠይቅም።" ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ስልኩን አውጥቶ ካርታውን ፎቶ አነሣው። ለልጆች በቀለድኩት ቀልድ ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይጠየቅ ከተባለ ቀልዱን የሸጠው ይጠየቅ።

ብዙ ሳይቆይ ቮስሎሩስ ሰፈር ያሉ የአገራችን ልጆች ሂሮናሚ ለመሄድ ብለው ሱቃቸውን ለመሸጥ ገዢ እያፈላለጉ እንደሆነ ሰማሁ። የተማሩም አሉባቸው። ከተማዋን ኢንተርኔት ላይ ፈልገው አጧት፤ ማጣታቸው ደግሞ ጭራሽ አሳመናቸው። የእኛን ሰው ታውቀዋለህ፤ ሁሉ የሚያውቀው መስመር የተነቃበት መስመር ነው፣ ደህናው መስመር ገና ያልተሰማው ነው። ኪዱም "ጉግል ላይ ብትኖርማ የሆሳዕና ሰው ቀድሟችሁ ገብቶ ይጠብቃችሁ አልነበር?" ብሏቸዋል። ለዚህ መልስ የሚኖረው ማን ነው?

እኔ አለኝ ብዬ ኅዳር ላይ ለጸሎት ኅብረታችን ኮዝሞ ሲቲ አንድ ግቢ ውስጥ ተራርቀን ተቀምጠን በተሰበሰብንበት ቀን ተነሣሁ። ከተማዋ የለችም፣ እኔ ነኝ የሣልኳት አልኩ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ በሐዘን አንገታቸውን ነቅንቀው "ልጄ፣ መስመሩን ለወንድምሽ ብቻ ልታስቀሪው ነው?" አሉኝ። ታምራት የሚባል የቮስሎሩስ ልጅ "የሌለ ከተማ ታክሲ ራንክ ይኖረዋል እንዴ!" ሲል ግቢው በሳቅ ሞላ። "እሺ የለችም በይ፤ ባቡሩ በየት በኩል እንደሚገባ በምን አወቅሽ?" አለኝ ቀጥሎ። "እኔ ስለሣልኩት።" "ሳያይ ማን ይሥላል?" ይገረም፣ በዚያች ሰዓት ከልቤ የምናገረው እውነት እንደ ስስት ተቆጠረብኝ። ኪዱ ከጥግ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል፣ የተበደለ ሰው ይመስል።

ሽማግሌዎቹ መክረው የሰው ስም አጥፍተሻልና ጉልበቱን ስመሽ ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ። አጎታችንም ከኋላዬ "ተነሽ፣ አታሳፍሪኝ" ይለኛል። "ስሙን ካጠፋሁ ከተማዋን ያሳየኝ፤ ካሳየኝ ጉልበቱ ቀርቶ ጫማውን እስማለሁ" አልኩና ተቀመጥኩ። ተነሽ ተብሎ ሲለመን የተቀመጠ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ቀን አየሁ።

ቤት ስንገባ አጎታችን ካርታውን ቅደጂውና ነገሩ ይብረድ፣ ካልሆነ ውጪልኝ አለ። አሰብኩበት። እኔ ብቀደው የሚቀረው ኪዱ ስልክ ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ ያኔ ከተማዋ የእሱ ትሆናለች። ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ኮዝሞ ሲቲ ሱቅ ያላት ፈዲላ በሯን ከፍታ ጥቅሉን አየችና "ከተማሽንም ይዘሽ ግቢ" አለችኝ። አሁን ከእሷ ጋር እሠራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ይመጣሉ። ሀሌሉያ እንዳትመጣ ተከልክላለች፤ ግን በእናቷ ስልክ ትደውልልኛለች። ባለፈው ኪዱ እራት ላይ ለእንግዶች ሂሮናሚን ሲያስረዳ "አንክል፣ ባቡሩ እኮ በግራ ነው" ብላ አርማዋለች።

አሁን ለሸንጎው ያልነገርኩትን ልንገርህ። ከተማ ለመሥራት መሬት ያስፈልጋል። ጃፓንን አላየሁም። ጨለማ ውስጥ እንኳ ሳልደናቀፍ የምሄድበት መሬት አንድ ብቻ ነው፤ በእሱ ላይ ሠራኋት። ካርታውን ራሱን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። አባዬን ይዘህ ደጅ ውጣ። ሣሩ ላይ ዘርጋውና የሂሮናሚ ወንዝ ከወንዛችን ጋር እስኪገጥም አዙረው። ሁለቱም መታጠፊያዎች ይገጥማሉ። ወደቡ ክረምት ክረምት ውኃ የሚቋጥረው ረግረጋችን ነው፤ ባሕሩን ከዚያ ወዲያ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ግንቡ ያለበት ኮረብታ ባሕር ዛፋችን ነው። ሰፊው ሜዳ የቆማችሁበት ደጅ ነው፤ የጎረቤት ጎጆ የተቃጠለ ጊዜ እሳቱ እዚህ ሜዳ ላይ ሲቆም አባዬ ያየውን አይረሳም። ሐዲዱ ከበራችን እስከ መንገዱ የሚሄደው አጥር ነው። የጨው ሴቶቹ ሰፈር የእማዬ እንሰት ነው። ከነፋሱ አርቄ ያስቀመጥኩትን፣ ሥራ ተገኘልህ የተባለውን ፋብሪካ ፈልገው። ከእንሰቱ ኋላ ሽንት ቤታችን ላይ ታገኘዋለህ። ከአባዬ ጋር የደመወዙን ነገር እዚያው ቆማችሁ ተነጋገሩበት።

አባዬ በኮንትራት ሊሰጥ ያለው መሬት ወደቡ ነው። ሊያስቆርጥ ያለው ዛፍ ግንቡ ነው። ሂሮናሚ ለመግባት ሂሮናሚን ሊሸጥ ነው በለው። ከዚያ በኋላ ሂድ ካለህ፣ አንተም እሄዳለሁ ካልክ፣ እጅህን የምይዝበት ኃይል የለኝም። መሄድን አልነቅፍም፤ እኔም የሄድኩ ነኝ። የምትሄድበት ቦታ ግን ይኑር። ስሜንም ልመልስ ብዬ ኪዱ ዘንድ አልሄድም፤ ኪዱ ዘንድ ያለው ፎቶዬ እንጂ ስሜ አይደለም። ድስቴን ሰብረውብኛል፤ በሸክላ እያፈላሁ ነው።

እንግዲህ ሰላምታዬን እንደየሰፈራቸው አድርስልኝ። ሜዳው ላይ ለሚቆመው ለአባዬ እጅ እነሣለሁ፤ ቅር ብሎትም ቢሆን ካርታውን ጎንበስ ብሎ ይየው። ጨው ሴቶቹ ሰፈር ላለችው ለእማዬ፣ ያን ያመማትን እጇን ስመህ ጭሱን ማንም እንደማያጠፋባት ንገርልኝ። ከሐዲዱ ላይ ተንጠልጥላ መንገደኛ ለምታየው ለጽጌሬዳ፣ ባቡሩን እንድትጠብቅልኝ እንደሾምኳት ንገርልኝ። እውነቱን በስልክ ያቀበለችኝን አክስቴን ኤርጎጌን ከወንዙ ማዶ ሳምልኝ። ጊደሯን ወደቡ ዳር አሠማርልኝ።

ለአንተ ደግሞ፣ ይገረም፣ ካርታው ላይ ከግንቡ ሥር አንድ ባዶ ቦታ ታያለህ። ምን እንደሚሠራበት አልወሰንኩም ነበር። ጻፍልኝ።

እህትህ ትሩፋት

ኮዝሞ ሲቲ፣ ጆሃንስበርግ
የካቲት 14 ቀን 2013 ዓ.ም.